የመገበሪያው ስንዴ፦ የመምሬ አስረስ ሀብተ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

መምሬ አስረስ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ይመርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወይኒቱ አሊ በ1917 ዓ.ም. በተሁለደሬ፣ ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ባለችው መንደራችን ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገብተው ቅዳሴ ተማሩ። ድምፃቸው ለዜማ የሚሆን አልነበረም፤ መምህራቸውም ይህን አልሸሸጓቸውም።

በ1938 ዓ.ም. ወይዘሮ ጥሩብርሃንን በተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፈሩ። በ1940 ዓ.ም. ቅስና ተቀብለው በመንደራችን ኪዳነ ምሕረት ማገልገል ጀመሩ፤ በ1962 ዓ.ም. ገበዝ ሆኑ። በ1967 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያኒቱ መሬት ሲወረስ መተዳደሪያዋ ምእመናን የሚያመጡት እህል ብቻ ሆነ።

በ1977 ዓ.ም. በድርቁ እሱም ነጠፈ። መምሬ በዕቃ ቤት የነበረውን የስለት ገብስና ባቄላ አውጥተው ለክርስቲያኑም ለእስላሙም በደጀ ሰላም ንፍሮ አስቀቀሉ። እኩለ ቀን ላይ ደወል ሲደወል መንደሩ ይሰበሰባል። እኔ ታናሽ ወንድማቸው መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ ቁልፍ ያዥ ነበርኩና፣ እህሉ ባነሰ ቁጥር እነጫነጭ ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ደወሉ ተደውሎ ግማሹ ሰው ቀረ። መምሬ «ሰዉ አለቀ» ብለው ደነገጡ፤ ቃሬዛ አሸክመውን ወደ ታች ወረድን። የአምስት ልጆች እናት ወይዘሮ አሚናትን ደጃቸው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠው አገኘናቸው። ቃሬዛውን አይተው፦

«መምሬ፣ አንቱም ረሱት እንዴ? ረመዳን ገብቷል'ኮ። ርሀቡ የክፉ ቀን ነው፤ ጾሙ ግን ያላህ ነው» አሉ።

እኛ በዓለ ሃምሳ ላይ ስለነበርን የሌላው ጾም መግባቱን ረስተነው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የሚበላ ያልነበረው ሰው ቀን ደግሞ ይጾማል! መምሬ ባዶውን ቃሬዛ አሸክመውን ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሕፃናትና ከሕመምተኞች በቀር የሁሉም ንፍሮ ጀንበር ስትጠልቅ ሆነ። በበዓለ ሃምሳ መጾም ክልክል ነው ብዬ ብከራከራቸው፣ «እኛ መች ጾምን? ጎረቤት እየጠበቅን ነው» አሉኝ። ክርስቲያኑም አንድም ሰው ሳያጉረመርም ጠበቀ። ይህን በዓይኔ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

በግንቦት መጨረሻ የቀረው የቅዱስ ቁርባኑ መገበሪያ ስንዴ ብቻ ነበር። ስንዴው ካለቀ ቅዳሴ ይታጎላል። የሰበካ ጉባኤው አይሆንም አለ፤ ከሁሉ አብልጬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። አንዲት ጭብጥ እንኳ ትቅር ብላቸው፣ «ጭብጧን የሚጠብቅ ልጅ አለ» ብለው እጃቸውን ለቁልፉ ዘረጉ። በዚያች እጅ ሲቀድሱ ሠላሳ ሰባት ዓመት አይቻለሁ። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

የእርዳታ ስንዴ ለፍልሰታ እስኪደርስ ዘጠኝ እሑድ ያለ ቅዳሴ የኪዳን ጸሎት ብቻ እያደረስን ተበተንን። እያንዳንዱን እሑድ በዕቃ ቤቱ በር ላይ በከሰል እየጫርኩ ለእሳቸው አሳያቸው ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

መምሬ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በሆድ ሕመም ሲሠቃዩ፣ ደሴም ድረስ ሄደው ሲታከሙ ቆይተው ጥር 14 ቀን 1980 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና ሰባት የልጅ ልጆቻቸው አሏቸው። ወይዘሮ አሚናትም ከአምስቱ ልጆቻቸው ጋር እዚሁ በመካከላችን ቆመዋል።

በዐረፉበት ዋዜማ እጄን ይዘው፣ «ወንድሜ፣ ያስታጎልኩት ስንት እሑድ ነበር? ፊቱ ስቆም እንዳልሳሳት» አሉኝ።

«አንድም አልታጎለም» አልኳቸው።

በር ላይ የጫርኩት እኔ መሆኔን ያውቃሉና ትክ ብለው አዩኝ። ለማጽናናት አልነበረም የተናገርኩት። በዚያች የንፍሮ ምድጃ ዙሪያ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ዝም ብሎ ከሚጠብቀው ሕዝብ መካከል ቆሜ ያየሁትን ቅዳሴ ነው የመሰከርኩት። ዛሬም በአስከሬናቸው ፊት እመሰክራለሁ። ወንድሜ ሆይ፣ በተራቡት ያበላኸው አምላክ በማዕዱ ያስቀምጥህ፤ ነፍስህን ከአብርሃም እቅፍ ያኑርልን። አሜን።