ከሰባት ወደ አምስት የተዛወረችው ቆብ

ሸዋ ሮቢት፣ ኅዳር 12 ቀን 1981 ዓ.ም.

የዓይኔ ማረፊያ ፈሪሃ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ለሸዋ ሮቢት ሰፊ ሕዝብና ሶፊያ ለምትማሪው ለአንቺ፦ ለረጅም ዓመታት በግንባር ቀደምነት ያገለገለችው የመጨረሻዋ የፊት ጥርሴ ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከኃላፊነቷ መነሣቷን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። የጣላት ንዴት ነው። ስሚኝማ!

ወንድምሽ አብዱልሃዲ በሚሠራበት በመንግሥት እርሻው ቢሮ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ካርድ ሲሰካ ማሽኑ ድርቅ ብሎ ቀረ። አንቺን ጠየቀ፤ አንቺም መለስሽለት፦ «ሁለቱ ካርዶች በአንድ የማቋረጫ ቁጥር ስለሚጠሩ ነው። የአዲሱን ቆብ ከሰባት አንሥተህ አምስት ላይ አድርጋት።» ማቋረጫ የሚባል ቃል ከየት አባትሽ አመጣሽው? አባትሽ ልጄ ስለሆነ ስድቡ ለእኔም ይደርሰኛል።

ደብዳቤሽን የእርሻው ካድሬ ከአብዱልሃዲ ኪስ አገኘና በኢኮኖሚ አሻጥር ከስሶ ቀበሌ አሳሰረው። ሰምቼ ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

«ምርት ማቋረጫ ነው!» ይላል ካድሬው። «ከቀበሌ ሰባት ወደ ቀበሌ አምስት የሚዛወረው ባለቆብ ማነው?»

የቢሮው ሰው በሙሉ ዞሮ የእኔን ቆብ ማየት ጀመረ! እስቲ አሁን ይሄ ሰው ነው?

«ጓድ፣ ልጁ አሳይቶኛል» አልኩት። «ካርዱ ላይ የምትሰካ ፕላስቲክ ናት፤ ምስር ታክላለች። የእኔ ራስ አይገባባትም።»

አልገባውም። በሩ ላይ የቆሙት ሁለቱ ጥበቃዎች ሁለቱም ሳልህ ይባላሉ። «ሳልህ!» ብዬ ጮህኩ። ሁለቱም «አቤት!» ብለው ሲሮጡ በሩ ላይ ተላተሙ።

«አሻጥሩን አየኸው?» አልኩት። «ካርዶቹም እንዲሁ ናቸው። አንዱን በአገሩ የማጀቴው፣ አንዱን የጀውሃው ብለህ ጥራቸው፤ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ።»

ሰው ሁሉ ሲስቅበት ጊዜ አብዱልሃዲን አስመጣው። ልጁ ቆቧን በጥፍሩ ነቅሎ አምስት ላይ ሰካት፤ ማሽኑ ተነሣ። ወዲያው ተፈታና አሁን አጠገቤ ፓፓያ እየበላ ነው።

ለማንኛውም ከትምህርት ቤትሽ ማኅተም ያለበት ማብራሪያ ላኪልን፤ «ማቋረጫ» የምትል ቃል ዝር እንዳትልበት። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ዕውቀትሽን የሚገባው ሰው ዘንድ ያድርሰው።

አያትሽ ሁሴን

ልዘጋው ስል እጄ እምቢ አለኝ። ፓፓያው እውነት ነው፤ ተፈታ፣ አጠገቤ ነው ያልኩት ግን የፈጠርኩት ነው። በስንቅ ዕቃ አድርጌ በቀበሌው አጥር ነው ያቀበልኩት። ማሽኑ ሲነሣ ካድሬው «ይኸው፣ መጠገኑን ካወቀ ያበላሸውም እሱ ነው» አለና መልሶ ቀበሌ እስር ቤት አስገባው። ወረቀቱን ቶሎ ላኪው፣ ልጄ።