ሞተሩ አይወርድም

ጭሮ፣ ቅዳሜ ጥር 9

አይወርድም አልኩ፣ አይወርድም! መኪናዬ ከጠዋት ጀምሮ እየተንቀጠቀጠች ትቆራረጣለች። የሰፈሩ መካኒክ ሁለት ደቂቃ እንኳን ሳያዳምጣት "ሞተሩ መውረድ አለበት" አለኝ። የሙሽራዋ የፎዚያ ወንድም ጀማልም ይህን ሰምቶ ደወለ። "ተይው አቦ፣ ነገ ለሠርጉ ሂርና በሚኒባስ ነይ።" እኔና ፎዚያ ጤና ጣቢያ አብረን ስንሠራ አራት ዓመታችን ነው። በሠርጓ በመኪናዬ አጅባታለሁ ብያለሁ፤ አጅባታለሁ።

ከሰዓት ግቢ ውስጥ ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት አጥልቄ፣ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ እየነቀልኩ መለስኩ። ሁለቱን ስነቅል መንቀጥቀጡ ባሰ። ሦስተኛውን ስነቅል ምንም አልተለወጠም። የማይሠራው እሱ ነው ማለት ነው። ሞተሩን አጥፍቼ የካንዴላውን ጉድጓድ በእጅ ባትሪ አብርቼ ሳየው ውሃ አቁሯል።

ትናንት ላቫጆ ቤት "ለሠርግ ነው፣ ሞተሩንም ሳይቀር እጠቡልኝ" ያልኩት እኔው ነኝ።

ውሃውን በጨርቅ አደረቅኩ፤ ካንዴላውንም ፈትቼ ጠረግኩ። ለነገ ፀጉሬን ልሠራበት ያዘጋጀሁትን ማድረቂያ አምጥቼ ጉድጓዱ ላይ ደገንኩት። ከብዙ ቆይታ በኋላ ማድረቂያው ጨሶ ተቃጠለ። መኪናዬ ግን ካንዴላውን መልሼ ስገጥምላት በአንድ ቁልፍ ተነሣች፤ መንቀጥቀጥ የለ፣ መቆራረጥ የለ።

ነገ ፀጉሬን በሻሽ አስሬ ከአጃቢዎቹ ፊት እነዳለሁ። ወደ ሂርና ስወጣም መካኒኩ በር ላይ ክላክሱን አስጮኸዋለሁ። ሞተሩን ማን እንዳሳጠበው ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግረውም።