ባለቤቴ የምታውቀኝ ሰዓቱ ሥር ነበር

ለተከበሩ የከተማ ማስዋብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ቆሞ መሄድ ጤና ከተባለ ደህና ነኝ። ለእርስዎ ግን ሙሉ ጤና፣ በተለይም የማይከዳ የማስታወስ ችሎታ ከልቤ እመኛለሁ።

ባለቤቴ በአደባባይዎ ሠላሳ አንድ ዓመት አስጎብኚ ነበረች። እንግዶቿን ከሰዓቱ ማማ ሥር ተቀብላ ፏፏቴውን፣ አሮጌውን ፖስታ ቤትና የድንጋዩን ድልድይ በእግር ታዞራቸው ነበር፤ እኔንም ያገኘችኝ እዚያው፣ ከቡድኑ ኋላ ቀርቼ ሳዛጋ ነው። ዛሬ የመርሳት ሕመም የልጆቻችንን ስም ሳይቀር ወስዶባታል፣ ጉብኝቱን ግን ቃል በቃል ታስታውሳለች። ስለዚህ ላለፉት ሁለት ዓመታት በየጠዋቱ ኮፍያዬን አድርጌ ሰዓቱ ሥር እንደ እንግዳ ስቀርብ፣ እንኳን ደህና መጡ ብላ ትጀምርልኝ ነበር፤ ድልድዩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ክንዴን ይዛ፣ አንተ ሰውዬ ዛሬም ታዛጋለህ፣ ትለኝ ነበር። በቀን ውስጥ ባሏ የምሆነው ለዚያች ጥቂት ጊዜ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በፊት አደባባዩን ዙሪያውን በቆርቆሮ ስላጠሩልን፣ ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፦

1ኛ. በአጥሩ ላይ የወደፊቱን አደባባይ ሥዕል በትልቁ ስለለጠፉልን እግዜር ይስጥልን። በሥዕሉ ውስጥ ሰዎች እየሳቁ ይንሸራሸራሉ፤ በየት በኩል እንደገቡ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም። የሰዓቱን ማማ ግን ከሥዕሉ ላይ ፈልጌ አጣሁት፤ ሊፈርስ ነው ማለት ነው።

2ኛ. መቼ እንደሚከፈት ልጠይቅ መሥሪያ ቤትዎ ስመጣ ከመስኮት አራት ወደ ሰባት፣ ከሰባት ወደ አራት እያመላለሱ እግሬን ስላፍታቱልኝ፣ በመጨረሻም ነገ ይምጡ ስላሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዘጠኝ ነገ መጥቻለሁ።

3ኛ. ከአጥሩ ውጭ ከቀረው ከፖስታ ቤቱ እንጀምር ብዬ ወሰድኳት። አንዲት ቃል አልወጣትም። ዞር ዞር እያለች ሰዓቱን ፈለገች፣ እንግዶቼ እየጠበቁኝ ነው ብላ መንገዱ መሐል አለቀሰች። ክቡርነትዎ፣ ጨንቆኛል። ምን እንደማደርግ ጠፍቶብኛል።

አራተኛም ነበረኝ፣ ከዚህ ወዲያ ግን መጻፍ አቃተኝ።

ልመናዬ አንድ ነው፤ ማማው እስኪፈርስ ድረስ በየጠዋቱ ለግማሽ ሰዓት አንዲት ቆርቆሮ ገለጥ ትደረግልን። ሄልሜት አድርጉ ካሉን እናደርጋለን፤ አትናገሩ ካሉን ግን እሷ ትናገራለች፣ ሥራዋ ነው።

ከተማዎ ባማረች ቁጥር መግቢያዋ የሚጠፋበት፣ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ረጅም ዕድሜ የሚመኝልዎ፣

የአንዲት አስጎብኚ የመጨረሻ እንግዳ

ማስታወሻ፦ ዛሬ ቁርስ ሳቀርብላት ማን እንደሆንኩ በትሕትና ጠየቀችኝ። ባልሽ ነኝ ብላት አላመነችም፤ ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነኝ ስላት ግን ወዲያው አመነችኝና አደባባዩ መቼ እንደሚከፈት ጠየቀችኝ። ነገ አልኳት። እርስዎን ወክዬ ስናገር ሌላ መልስ አላውቅም።