ግድግዳው ላይ ያለው ስም

የካቲት 12
ዛሬም የክርስትና ቀሚስ የምታሠራ እናት መጣች፤ ከጣርማ በር። ማን ተብሎ ይጠለፍ አልኳት። ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። «እሱኑ። ካፊያ።»
ከመስከረም ወዲህ ሰባተኛዋ።
ጥፋቱ የራሴ ነው። ይህችን የጥልፍ ክፍል ስከፍት ለናሙና የምሰቅለው ልብስ አልነበረኝም። ይህን ስም የጠለፍኩበትን ቀሚስ ከሣጥን አወጣሁ... ከሠራሁት ሁሉ የሚያምረው እሱ ነዋ። ሰው ግን የዘመኑ ስም መሰለው። አንዷ አወጣች፣ ሌላዋ ሰማች። የማን ቀሚስ እንደሆነ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝስ እናገር ነበር?

የካቲት 14
ፊደል የለየሁት ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ማንም ሳያግዘኝ መጀመሪያ ያነበብኩት ቃል «ካፊያ» ነበር፤ የአየር ሁኔታ ወሬ ላይ። እርጉዝ ነበርኩ። ሴት ከሆነች ስሟ ይህ ነው አልኩ። ባሌ አለምነህ ሳቀ። «ሰው ልጁን በዝናብ ይጠራል?»
«ዝናብ አይደለም። ካፊያ ነው።»
ስትወለድ ለመደው። ከፋብሪካ ሲመለስ ከበር ጀምሮ ይጠራት ነበር። ሰማንያ ቀኗ ሊሞላ ስምንት ቀን ሲቀር ሞተች። ሳትጠመቅ። ቀሚሷ አልቆ ነበር።
ሃያ ሦስት ዓመት... አለምነህ ያንን ስም ከአፉ አውጥቶት አያውቅም። ቀሚሱ ከተሰቀለ ወዲህ ወደዚህ ክፍል አይገባም።

የካቲት 18
ግቢያችን የተከራየችው ሔራን የስምንት ቀን አራስ ናት። ብቻዋን ናት፣ ዘመድ ሩቅ ነው። ገንፎ ይዤላት ገባሁ።
«እትዬ አሰለፈች፣ ስም አገኘሁላት። ያንን የግድግዳውን።»
«ተይው፣ በዝቷል። ትምህርት ቤት ስትገባ አንድ ወንበር ሙሉ ካፊያ ነው የሚጠብቃት።»
ሳቀች። ግን ቅር ብሏታል።
ውሸት አይደለም። ለእሷ ብዬ ግን አላልኩትም። በዚህ ግቢ በየቀኑ ያ ስም ሲጠራ... አለምነህ እንዴት ይችለዋል? እኔስ?
ተመልሼ ቀሚሱን አወረድኩት። ሣጥን ውስጥ።

መጋቢት 25
ሔራን ልጇን ስታስከትብ ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ። ወረፋው ረጅም። ነርሷ ካርድ አነሣችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ካፊያ» አለች።
ሁለት እናቶች ተነሡ። እኔም ተነሥቼ ነበር።
«ምነው እማማ፣ እርስዎም ሊከተቡ ነው?» አለች ነርሷ። አግዳሚው ሁሉ ሳቀ። ሔራን አልሳቀችም። እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።
መንገድ ላይ ነገርኳት። ሁሉንም። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።
ልጇን ደረቷ ላይ አስተካክላ አቀፈች። ከዚያ፣ «እንግዲያ ስሙን አልወስደውም» አለች። «እስካሁን ሚጣ እያልኳት የቆየሁት ምናልባት ሐሳብዎን ቢቀይሩ ብዬ ነበር።»
ጆሮዬ ላይ የነርሷ ድምፅ ነበር። ያን ያህል ዓመት ልጄን ማንም አልጠራልኝም... ዛሬ ተጠራች።

መጋቢት 27
ቀሚሱን አጥቤ ለሔራን ሰጠኋት። ከነስሙ። አለቀሰች።
ለአለምነህ ነገርኩት። ጫማውን እያሰረ ነበር። አንደኛውን ሳያስር ወጣ። ክፉ ሠራሁበት ይሆን?

ሚያዝያ 29
ልጅቱ ዛሬ ተጠመቀች። የክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ። ቀሚሱ ልክ ሆናት። አለምነህ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ቀረ።
ከሰዓት ሔራን እንግዶቿን ስታስተናግድ ልጅቱን እኛ በረንዳ አስተኛናት። እሱ እዚያው ተቀምጧል። እኔ ውስጥ ክር እመርጣለሁ። ማልቀስ ጀመረች። ልወጣ ብድግ ስል ድምፁን ሰማሁ።
«እሽሽ» አላት መጀመሪያ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ካፊያ... ምን ሆንሽ?»
አልወጣሁም። ክሩን እንደያዝኩ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስኪደግመው ጠበቅኩ።
ደገመው።