ስሙ ኒኬል፣ ሆዱ መዳብ

ይትባረክ የእህቴ ልጅ፣

እኛ ዘንድ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ይላካል፤ እዚህ ካናዳ ሰድበሪ፣ ኒኬል የሚባለው ማዕድን በሚቆፈርበት ከተማ፣ አማች በማግኔት ይፈተናል። ፊንላንዳዊው ጎረቤቴ አርቮ ዕድሜውን ሙሉ ኒኬል ሲቆፍር ኖሯል። ሴት ልጁን አይሊን ሊጠይቅ የመጣውን አሜሪካዊ፣ «እስቲ ያገርህን ኒኬል አውጣ» አለው፤ ኒኬል የሚሉት ባለ አምስት ሳንቲሙን ነው። እውነተኛ ኒኬል ማግኔት ይስበዋል፤ ይሄ ሳንቲም ግን የአርቮ ማግኔት ላይ አልጣበቅ አለ።

«ስሙ ኒኬል፣ ሆዱ መዳብ። አንተም እንደሱ ነህ?»

እንግዳው ቲማቲም መሰለ።

አይሊ አዲሱን የካናዳ ኒኬል ማግኔቱ ላይ አጣበቀችና፣ «የኛስ ቢሆን አባዬ፣ ውስጡ ተራ ብረት አይደል? ስሙን ብቻ ነው የያዝነው» አለችው።

አርቮ ማግኔቱን ኪሱ ከተተ። «በል ልብስህን አውልቅ፣ ሳውና እንግባ።» ሳውና የፊንላንዶች የእንፋሎት መታጠቢያ ነው፤ አርቮ እዚያ ያስገባው ሰው ቤተሰብ ነው።

እናትህን ሳምልኝ። አንተስ ሽማግሌ ስትልክ፣ ለአማትህ ማግኔት በፖስታ ልላክላት?

አጎትህ