ልጄን በእርሳስ ለጻፈው ማኅበር

ለክቡር ኦቦ ጋሩማ
የሂዳ የዘር ሐረግ ቤተ መጻሕፍትና የቤተሰብ ታሪክ ማኅበር ሊቀመንበር
ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ

ክቡር ሆይ፣ አካም ጅርቱ? እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎና የማኅበሩ አዲሱ ማህተም ሁላችሁም በደህና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤና የምመኝልዎት ከልቤ ነው፤ ይህን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው ለማንበብ ያስፈልግዎታልና። በአማርኛ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ወላጆቼ የጎጃም ሰዎች ናቸው፤ እኔ እዚሁ ነቀምቴ ተወልጄ ኦሮምኛውን ከጎረቤት ልጆች ጋር እየተጫወትኩ ብለምደውም፣ ባለቤቴ ነመራ እንደሚለው ስናደድ ወደ እናቴ ቋንቋ እመለሳለሁ። ዛሬ ተናድጃለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ልጃችን ሊሊሴ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የጊዳ አያና ወረዳ በተረበሸበት ዓመት፣ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናትና አባቷን በአንድ ቀን አጣች፤ እኛም በጉዲፈቻ ወሰድናት። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ በግ ታርዶ፣ ተመርቃ የነመራ ልጅ ሆነች። ከዚያ ወዲህ ማን ወለዳት ብሎ መጠየቅ ነውር መሆኑን በዚህ አገር የማያውቅ ሰው የለም። ባለፈው ወር አስተማሪዋ እያንዳንዱ ተማሪ የቤተሰቡን ሐረግ ከቤተ መጻሕፍትዎ ገልብጦ እንዲያመጣ አዘዘች፤ ልጄም ደስታዋን መያዝ አቅቷት አባቷን እየጎተተች መጣችላችሁ። ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አንደኛ፣ የባለቤቴን አሥራ አንድ አባቶች፣ ከአባቱ ከጃራ ጀምሮ እስከ ላይ፣ በጥቁር ቀለም አሳምራችሁ ስለጻፋችሁልን እጅ ነስቻለሁ። የልጄን ስም ግን በእርሳስ ጽፋችሁታል። በእርሳስ! ለምን እንደደበዘዘ ስትጠይቅም የመዝገብ ክፍል ሠራተኛዎ ወይዘሪት እየሩስ፣ በጉዲፈቻ የገቡ ልጆች እስኪጣሩ ድረስ በእርሳስ እንደሚጻፉ በጣፋጭ አንደበት አስረድታታለች። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ! ለዚህ ግልጽነታችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ልጄ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም። በማግስቱ ጠዋት አባቷን «አባ ኮ»፣ አባቴ፣ ማለቱን ትታ እንደ ባዕድ በስሙ ጠራችው፤ እሱም እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ግን ሰምቻለሁ።

ሁለተኛ፣ የሚጣራው ነገር ምን እንደሆነ ልጠይቅ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተብዬ ተመልሼ፣ በአራተኛው በክብር ተቀብለውኛል። የጠየቁኝ ወላጆቿ የፈረሙበትን የስምምነት ወረቀት ነው። ሞተዋል አልኩዎት። እርስዎም በኀዘን ራስዎን ነቅንቀው፣ እንግዲያውስ ቢያንስ የቅርብ ዘመድ ይፈርም አሉኝ። ቤቱ ሁሉ ወደ ተቃጠለበት ቀበሌ ሄጄ ፈራሚ እንድፈልግ ስለመከሩኝ፣ እግዜር እንደ ምክርዎ ይስጥዎት።

ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነው። የየቤተሰቡ ሐረግ የሚታተምበት የማኅበሩ መጽሐፍ በሰኔ መጨረሻ ወደ ማተሚያ ቤት እንደሚሄድ፣ በእርሳስ የተጻፈ ስምም እንደማይታተም ማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አነበብኩ። እንዲህ ከሆነ ነመራ በመጽሐፋችሁ ልጅ የሌለው ሰው ሊሆን ነው። አሥራ አንዱ አባቶች እሱ ላይ ደርሰው ሊቋረጡ ነው። እኛ ሌላ ልጅ የለንም፤ የተሰጠችን እሷ ናት።

አራተኛም ነበረኝ፤ ስለ አንባቢዎች ወንበር ነው። ትቼዋለሁ።

የሚገርም እኮ ነው ጎበዝ! ጉዲፈቻ የገባ ልጅ ልጅ መሆኑን እኔ የጎጃሜዋ ልጅ ከባለቤቴ ዘመዶች ተምሬ አውቃለሁ፤ እርስዎ በየመድረኩ የባህል ተቆርቋሪ እየተባሉ ካባ የሚደረብልዎ ሰው ግን ዘነጉት። በወለጋ ስዞር የጉዲፈቻን ልጅ ከአብራክ ልጅ ለይቶ የሚያስቀምጥ ቤት አላየሁም ነበር። የመጀመሪያው የእርስዎ ቤተ መጻሕፍት ስለሆነ ለፈር ቀዳጅነትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መጽሐፉ ከመሄዱ በፊት የሊሊሴን ስም ልክ እንደ አባቶቿ በቀለም ይጻፉልኝ። ሲጽፉትም እሷን አጠገብዎ አቁመው፣ እያየች ይጻፉት። ባዩዋት ጊዜ ስለ ማጣራት አንዲት ቃል ከተነፈሱ ግን፣ እስከ ዛሬ ያሳየሁዎትን ጨዋነት ዳግመኛ አይጠብቁ።

ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ አስቀድሜ እያመሰገንኩ፣ ደጅ በማስጠናት ትዕግሥትን ያስተማሩኝ፣ በክቡር መዝገብዎ «የነመራ ሚስት» ተብዬ ብቻ የተመዘገብኩት፣

ዓባይነሽ
የሊሊሴ እናት

ድኅረ ጽሑፍ፦ አማቴ አዳነች፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የዚህን ከተማ ሰው ሐረግ ያለ ወረቀት የሚቆጥሩ ሴት ነበሩ። የእርስዎ አያት ጡት ሳይጥሉ በማን ጀርባ ታዝለው ከአኖ እንደመጡ፣ እዚህም ማን ተቀብሎ ልጄ እንዳላቸው አጫውተውኝ ነው የሞቱት። አይስጉ፤ እንዲህ ያለውን ማንሳት ነውር ስለሆነ ዝርዝሩን ለማንም አልናገርም። አያትዎ ያሳደጓቸው አባታቸው ልጅ ናቸው፤ አለቀ።