የከለከልኩት መኪና

ለውድ አባቴ ለአቶ ልሳነወርቅ፤

እንደምን ሰነበቱ አባባ? ጤናዎስ? ያ ጉልበትዎ የጥርን ብርድ ቻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ሲወጡ ያማርርዎታል? እኅቴ ባዩሽ፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም ደኅና ነው? እኛ የአሜሪካ በረዶ በር ላይ ቢከመርብንም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ ከሰሞኑ ድንጋጤ በቀር።

በስልክ «ባልሽ መኪናውን ገዛ ወይ?» ሲሉኝ አድበስብሼ ነበር የመለስኩልዎት። አፌ ስላልደፈረ ነው ዛሬ የምጽፍልዎት። ኃይለልዑል በአየር ማረፊያና በክሪስታል ሲቲ መካከል ሰው እያመላለሰ የሚውልባት ቶዮታ አርጅታ፣ ከእሱ ይልቅ መካኒኩ ጋ ነው የምትውለው። በኤሌክትሪክ መኪና ልቀይራት ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ወንድሜ በፍቃዱም ከአዲስ አበባ እየደወለ «እኔ እንኳ ቤንዚን ከተውኩ ከረምኩ» እያለ ያበሽቀዋል።

ዋጋው ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ኃይለልዑልን ያደፋፈረው፣ ግብር ሲሠራ መንግሥት ሰባት ሺህ አምስት መቶ ዶላር ይመልሳል መባሉ ነው። ማን አለ ብለው፣ ኪራኮስ አለኝ። ኪራኮስ የልጃችን የብሩህ ክርስትና አባት ነው። እሱም እዚሁ አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ ውስጥ በሹፍርና ያድራል፤ በኅዳር እንዲህ ያለ መኪና ገዝቶ ተመላሹን እየጠበቀ ነበር። የግብር ቢሮውን ጠይቀህ አረጋግጥ ስለው ባሌ ተቆጣኝ፤ «የክርስትና አባቱን ቃል ልፈትሽ? ቢሰማ ምን ይለኛል?» አለ። ለይሉኝታ ሲል ገደል የሚገባ ሰው ነው።

እኔ ግን የዳኛ ልጅ ነኝ፤ «ሰማሁ ያለ ምስክር አይሆንም» ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሊፈርም ሲል የመንግሥቱን ድረ ገጽ ከፍቼ አነበብኩ። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ለቢሮው ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ሴት፣ ካለፈው መስከረም 20 በኋላ ለተገዛ መኪና ምንም አይመለስም አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት፤ ያንኑ ደገመችልኝ። እኛስ አትፈርም ብዬው ተረፍን፤ ኪራኮስ ግን የገዛው በኅዳር ነው።

ከባሌ ጋር አሌክሳንድሪያ ሄድን። ኪራኮስ መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ወደ ባሌ ዞሮ «እንዴ ኃይሌ፣ አንተ አይደለህ እንዴ የነገርከኝ? ዓምና ለሚካኤል ማኅበር ቤታችሁ ስንሰበሰብ?» አለው።

አባባ፣ ያገኘሁት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩ ለካ ከእኛው ቤት የወጣ ነው። ኃይለልዑል ዓምና፣ ተመላሹ ሳይቋረጥ፣ ከሬዲዮ የሰማውን አወራ። ኪራኮስ እሱን አምኖ ገዛ። ባሌ ደግሞ የኪራኮስን መግዛት አይቶ የራሱን ወሬ ከሌላ እንደ ሰማ አድርጎ አመነ። ኪራኮስ ያን ገንዘብ ተማምኖ ነው የፈረመው፤ ክፍያው ካቃተው ባንኩ መኪናውን ይወስድበታል፤ እንጀራው እኮ ነው። ሚስቱ የወይንሐረግ ስታለቅስ ኃይለልዑል ቀና ማለት አልቻለም። እኔም ጨነቀኝ።

ትናንት ከሥራ ስመለስ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ከበራችን ቆሟል። ከልክዬው ሄዶ ገዛ ብዬ እየተቆጣሁ ገባሁ። ለካ የኪራኮስ ነው። ባሌ ቶዮታዋን ሸጦ የዘገየውን ክፍያ ከፍሎለታል፤ ከእንግዲህ አንዱ ቀን አንዱ ማታ እየነዱ ዕዳውን እኩል ሊከፍሉ ተስማምተዋል። «በአፌ የከተትኩትን ሰው በእጄ ላውጣው» አለኝ። ልቆጣው ብዬ አልሆነልኝም፤ እንዲያውም ወደድኩት።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፦ ሁለት ሰው በአንድ መኪና ሲሠራ ኢንሹራንሱ ይቀበላል ወይ? «ኪራኮስ ይቻላል ብሏል» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ራሴ እደውላለሁ።

ለባዩሽ ናፍቆቴን ይንገሩልኝ። በፍቃዱንም ባሌን ማብሸቁ ይብቃህ ይበሉልኝ። ብሩህ ጉልበትዎን ይስማል፤ ኃይለልዑልም እጅ ይነሳል። የእርስዎ ምርቃት አይለየን።

ልጅዎ ስሂን ልሳነወርቅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጥር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.